ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚያስፈራው ምንድን ነው?

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በምስረታ በዓል ላይ ስለ ምርት፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ሆኖም የሚያመርተው ሰው በመሆኑ፣ የሰውየው ጤና ከተጓደለ ማዳበሪያውም፣ ምርጥ ዘሩም፣ የተዳቀለችው ላምም የሚጠበቀውን ውጤት አይሰጡም። ስለሆነም የዛሬው ንግግር ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ስለሚዞረው፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ ለመናገር ግን ስለሚፈራው ሕመም፣ ማለትም ስለ ድብርት ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ ሁለት የወተት ላሞች ይዞ የሚተዳደር አንድ አባል ይታሰብ። ድሮ ከወፍ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነበር። አሁን ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነቃና እስኪነጋ ሲገላበጥ ያድራል። ምግብ አይበላለትም። ወተቱ አርፍዶ ይደርሳል፣ ስብሰባ ላይ አይገኝም፣ የብድር ክፍያው ወደኋላ ቀርቷል። ጎረቤት “ሰነፈ” ይላል፤ ሌላው “ዓይን ነክቶት ነው” ይላል። እሱ ራሱን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ ይውጣል። ላሟ ሁለት ቀን መኖ ብትተው የእንስሳት ሐኪም ለመጥራት አንድም ሰው አያፍርም። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲታመም ማንንም አልጠራም።

ድብርት ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ኀዘንና ብስጭት በማንም ላይ ይደርሳል፤ ቀን ሲያልፍም ይቀንሳል። ሐኪሞች ድብርት ወይም ድባቴ የሚሉት ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በአብዛኛው ቀኑን ሙሉ የሚቆይ መከፋት ወይም ቀድሞ ደስ ይል በነበረው ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ነው። ከዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር፣ ሲብስም ሞትን መመኘት ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሕመም ይሠቃያሉ። በመሆኑም ስንፍናም፣ የእምነት ጉድለትም አይደለም።

ሰውን የሚያስፈሩት ነገሮች

አንደኛው “እብድ ልባል ነው” የሚለው ፍርሃት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር፣ “አማኑኤል ገባ” የሚለው አነጋገር እንደ ስድብ ሆኖ ቆይቷል። አሁን ግን ሁኔታው ተለውጧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን በ1995 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ አገልግሎቱም በሌሎች ሆስፒታሎች፣ በኮተቤ የሚገኘውን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልን ጨምሮ፣ ይሰጣል። ለአብዛኛው የድብርት ሕመምተኛ ግን የመጀመሪያው በር በሠፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ ነው።

ሁለተኛው “ጸበሌን ያስተዉኛል” የሚለው ነው። እዚሁ እንጦጦ ላይ መልስ ተገኝቶለታል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። በኋላም በእንጦጦ የጸበል ስፍራ ከአእምሮ ሐኪሞች ጋር ተባብሮ የመሥራት ልምድ ተጀምሯል፤ ሕመምተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱን ይወስዳል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚለው የለም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጥና ከጾሙ ጋር እንዴት እንደሚያስማማው እንዲያማክረው ብቻ ነው።

ሦስተኛው “መድኃኒቱ ሱስ ይሆንብኛል” የሚለው ነው። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሲቲን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች እንደ አረቄ ወይም እንደ ጫት ሱስ አያስይዙም። ነገር ግን ውጤታቸው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። አፍ መድረቅ ወይም የሆድ መረበሽ ግን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ መካከል ነው። የተሻለው ሰውም ቢሆን በሐኪም ምክር ለወራት መቀጠል ይኖርበታል፤ በድንገት ማቆም አይገባም። ለቀላል ድብርት ደግሞ ያለ መድኃኒት በምክር ብቻ የሚረዱም አሉ።

አራተኛውና ትልቁ “ምን ብዬ ልናገር?” የሚለው ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ

ካርድ ክፍል ውስጥ በሰው ፊት ምስጢር መዘርዘር አያስፈልግም፤ “እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል” ማለት ይበቃል። ጤና ባለሙያው ዘንድ ሲገባ ግን ሙሉውን መናገር ያሻል። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያዎች የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ በድብርት ከሚሠቃዩት ታካሚዎች አብዛኞቹ ባለሙያው ሳያውቅላቸው ይመለሳሉ። ታካሚው የሚናገረው ራስ ምታቱን፣ የወገብ ሕመሙንና ድካሙን ስለሆነ፣ ሕመሙ በሌላ ስም ይታከማል። ስለዚህ “ራሴን ያመኛል” ብሎ ማቆም ሳይሆን “ከመቼ ጀምሮ ምንም ነገር ደስ አይለኝም” ብሎ መጨመር ዋናው ቁም ነገር ነው።

ፍርሃቱ አንደበትን እንዳይዝ ሦስት ነገሮችን በወረቀት ጽፎ ወይም አጽፎ መሄድ ይጠቅማል፦ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሥራ መሥራት እንዳቃተው፣ ምን መድኃኒት ወይም መጠጥ እንደሚወስድ። የሚያምኑትን አንድ ሰው ይዞ መሄድም ያበረታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መታወቂያውን መያዝ፣ ወደ ሆስፒታል ሲላክም የሪፈር ወረቀቱን መቀበል አለበት።

ባለሙያው “ሞትን ትመኛለህ ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ መደንገጥ አይገባም። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣም፤ እውነተኛው መልስ ግን ሕይወት ያድናል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው በዚያው ቀን መታየት ይገባዋል እንጂ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ ብቻውንም አይተውም።

የማኅበሩ ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ከጤና ጣቢያ በፊት ሕመሙን የሚያይበት አጋጣሚ አለው። የወተት መዝገቡ፣ የስብሰባ መቆጣጠሪያውና የብድር ደብተሩ ይናገራሉ። ለዓመታት ቃሉን ጠብቆ የኖረ አባል በድንገት ሲቀር፣ ስሙን ከውዝፍ ዕዳ ዝርዝር ላይ ከመለጠፍ በፊት አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ “ደኅና ነህ ወይ?” ብሎ ይጠይቀው። ከዚያም ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮት ይሂድ። ዕዳውን ማራዘምም ማኅበሩ በደንቡ መሠረት ሊነጋገርበት የሚችል ጉዳይ ነው። የሰማውን ግን ወደ ጠላ ቤት ይዞ መሄድ ነውር ነው፤ አንዱ ከታማ ሌሎች አሥሩ ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

የፀረ-ተባይ ኬሚካል አቀማመጥም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በቤት ውስጥ በየጥጉ ከሚቀመጥ በማኅበሩ መጋዘን በቁልፍ ተይዞ፣ በሚረጭበት ቀን በመጠኑ ቢሰጥ፣ አንድ ሰው በክፉ ሰዓቱ እጁ እንዳይደርስበት ያደርጋል።

የወረዳ ኃላፊዎችም በየጤና ጣቢያው ለአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩንና መድኃኒቱ አለመቋረጡን እንዲከታተሉ ይጠበቃል። ፍርሃቱን አሸንፎ የመጣ ሰው “መድኃኒቱ አልቋል” ተብሎ ከተመለሰ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላልና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አብዛኛው ሕመምተኛ የሚደብቀው ግን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ስለሆነ፣ ግማሹ መድኃኒት ያለው በጎረቤትና በማኅበር እጅ ነው። ከነገ ጀምሮ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ከስብሰባ የራቁ አባላት ስም ሲነበብ፣ ከቅጣቱ በፊት ማን ሄዶ እንደሚጠይቃቸው ይወሰን።