ከዳኝነት ወንበር ወደ ከሳሽነት፤ በካምፓላ የተነሣው ክርክር



በቀድሞ ዘመን በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ በቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዳኛው ግን ከሁለቱ ከአንዱም ጋር አይቋጠርም። እ.ኤ.አ. በ2021 በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የተነሣው ክርክር ከዚሁ ነገር ጋር የሚገናኝ ነው።

የኡጋንዳ የ1995 ሕገ መንግሥት የመንግሥቱን የሕግ ሥራ ለሁለት ሹማምንት ከፍሎ ሰጥቷል። አንደኛው የካቢኔ አባል የሆነውና መንግሥትን በሕግ የሚያማክረው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። ሁለተኛው የወንጀል ክስ ዋና ዲሬክተር ሲሆን፣ ፖሊስ ምርመራ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ከጦር ፍርድ ቤት በቀር በማናቸውም ፍርድ ቤት ክስ ይመሠርታል፤ ሌላ ሰው የጀመረውንም ክስ ወስዶ ይቀጥላል። በሥራው ማንም እንዳያዝዘው ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል፤ ለሹመቱም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኝነት የሚያበቃ ችሎታ ይጠይቃል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ዳኞች ቢፈለጉ አያስደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ማይክ ቺቢታ በዚህ ሥልጣን ተሾሙ፤ ኋላም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አለፉ። በ2020 የተተኩት ወይዘሮ ጄን ፍራንሲስ አቦዶ ናቸው። እኒህ የካራሞጃ ተወላጅ ሴት በዚያው የክስ መሥሪያ ቤት በዐቃቤ ሕግነት አገልግለው፣ የጸረ ሙስናውን ክፍል መርተው፣ በ2018 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ነበር። ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የተመለሱት ከነዳኝነት ማዕረጋቸው ነው።

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ሲሰጥ የኖረ ሰው ደካማውን ማስረጃ ከጠንካራው ለይቶ ያውቃልና ልምዱ ለክስ ሥራ እንደሚጠቅም አይካድም። ዳሩ ግን ተከሳሹ ቀና ብሎ ሲመለከት በችሎቱ ላይ ያለው ዳኛ የከሳሹ ባልደረባ ሆኖ ያገኘዋል። ነጻ የሚወጣም ቢሆን፣ ይህ ጥርጣሬ ከልቡ በቀላሉ አይወጣም።

አንድ ጠበቃ የቺቢታን ሹመት በመቃወም ባቀረቡት አቤቱታ፣ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በማርች ወር 2021 በአብላጫ ድምፅ ወሰነ፤ ይኸውም ዳኛ እንዲህ ያለውን ሹመት ሲቀበል አስቀድሞ ከዳኝነቱ መሰናበት አለበት የሚል ነው። ውሳኔው የአቦዶን ሥልጣን ጭምር ስለ ነካ፣ ዲሬክተሯ ዐቃብያነ ሕጋቸው አዲስ ክስ እንዳይፈቅዱ አዘዙ።

ለተራው ሰው የዚህ ትርጉም ቀላል አልነበረም። በኡጋንዳ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በጣቢያ ያለው እስረኛ ሰዓቱ ሲቆጠር፣ ክሱን የሚፈቅድለት ሹም ግን አልነበረም። የተበደለውም ወገን እንዲሁ በደጅ ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ የውሳኔውን አፈጻጸም አገደና ሥራው ቀጠለ።

አቦዶ እ.ኤ.አ. በ2025 የከፍተኛው ፍርድ ቤት የበላይ ዳኛ ሆነው ተሾሙ። በዲሬክተርነታቸው ዘመን ከተመሠረቱት ክሶች ከባዶቹን የሚዳኘው ይኸው ፍርድ ቤት ነው።