በየቡናው ስለ ክትባት የሚወራው

ዛሬ የምንነጋገረው ቡና ተፈልቶ ስለ ክትባት ስለሚወራው ነገር ነው።

ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ አንዳንዱ «የከተሜ በሽታ ነው» አለ። በዓመቱ ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ «ሴትን ያመክናል» የሚል ወሬ ተነዛ። ይህ ሐሰት ነው፤ ተከትበው ከዚያ በኋላ አርግዘው የወለዱ ብዙ ናቸው። «ተከትቤ ትኩሳት ያዘኝ፤ በሽታውን ሰጡኝ» ያሉም ነበሩ። ትኩሳቱና የክንዱ ሕመም ሰውነት መከላከልን ሲማር የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በሁለት ቀን ይለቃል። «ተከትቦም የታመመ አይተናል» የሚሉት ግን እውነታቸውን ነው። የዚያ ክትባት ዋና ጥቅሙ ሕመሙ ጸንቶ ለሞት እንዳያደርስ ነው። ስለዚህ የተከተበም ሰው እጁን በሳሙና፥ ሳሙና ቢታጣ በአመድ ይታጠብ፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን፤ የታመመ ባለበት ቤት መስኮቱና በሩ ይከፈት።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ወሬ ወደ ሕፃናት ክትባት እንዳይሻገር ነው። ኩፍኝ ቀላል በሽታ አይደለም፤ ሳንባን ይመታል፥ ዓይን ያጠፋል፥ ይገድላልም። ክትባቱ ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላው፥ ሁለተኛው በ15 ወሩ ይሰጣል። አያትየው «እኛ መቼ ተከተብን» ቢሉ፥ «እማማ፥ ፈንጣጣ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ያጠፋውም ከታማሚው ጎረቤት ያለውን ሁሉ እየፈለጉ መከተብ ነው።

ቀኑ ያለፈበት ሕፃን ቢኖር አፍራችሁ አትቅሩ፤ ካርዱን ይዛችሁ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ካርዱ ቢጠፋም ውሰዱት።