ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የንቅናቄ መለኪያ



በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን ምድር ሲናወጥ፣ የአዲስ አበባ ፎቅ ነዋሪዎች በሌሊት ወደ ደረጃ መሮጣቸውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 26 የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.7 ነበር። ሲነጋ የሚነሣው ጥያቄ ግን ስለ ምድር ሳይሆን ስለ ሕንፃ ነው፤ «ተመልሰን እንግባ ወይ?» የሚል። የግድግዳ ስንጥቅ ብቻ አይቶ የሚመልስ መሐንዲስ ይገምታል እንጂ አያውቅም። ለከሰም ግድብማ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል።

እኔ የምደክምበት መሣሪያ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከሲሊኮን የተቀረጸች ቅንጣት በቀጫጭን ዘንጎች ተንጠልጥላለች። መሬት ሲንቀሳቀስ ቅንጣቷ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በጎኗ ባሉት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ሲለወጥ ካፓሲታንሱም ይለወጣል። በስልካችሁ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው።

ችግሩ ማነሷ ነው። ክብደቷ ሲቀንስ የአየር ሞለኪውሎች ግፊያ ራሱ ያናውጣታል፤ ደካማው የምድር ምልክት በዚያ ሁከት ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ ከማሸጊያው አየሩን እናወጣለን፣ ክብደቷን እንጨምራለን፣ ዘንጎቹን እናሳሳለን። የሳሳ ዘንግ ደግሞ ይሰበራል፤ ስንት እንደሰበርሁ አትጠይቁኝ። የሚቻል መሆኑን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ማርስ ላይ ያረፈችው ኢንሳይት አሳይታለች፤ ከሲሊኮን የተቀረጹ መለኪያዎች ይዛ ነበርና።

ለሕንፃ ያን ያህል ጥራት አያስፈልግም። ሕንፃ የራሱ የመወዛወዝ ድግግሞሽ አለው፤ ከመንቀጥቀጥ በኋላ ድግግሞሹ ዝቅ ብሎ ከቀረ ጥንካሬው ተነክቷል ብለን እንጠረጥራለን። ይሁንና ሙቀትም ድግግሞሹን ስለሚያዛባ፣ ከአደጋው በፊት ለወራት የተመዘገበ መነሻ ልኬት ያሻል። እኔም መለኪያዎቹ ዛሬ፣ ምድር ጸጥ ባለችበት ጊዜ ይተከሉ የምለው ለዚህ ነው።