ከደረጃው ጫፍ ላይ ያለው አንበሳ

(በምሩቃን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስመረቅ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሰዓሊ ሆነ» ብላ ነበር። ዛሬም የምትለው ይህንኑ ነው። ሸራዬ የሰው ቆዳ መሆኑን ግን አትጨምርም። ሥራዬ ንቅሳት ነው፤ ታቱ የምትሉት። እዚህ ካላችሁት መምህራኖቼም አንዳንዶቻችሁ «ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርንህ?» ብላችሁኛል። ዛሬ መልስ ይዤ መጥቻለሁ።

ብዙ ሰው ሐሳብ ከየት እንደማመጣ ይጠይቀኛል፤ ከኢንተርኔት ይመስለዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚሁ ከስድስት ኪሎ ነው። ተማሪ ሳለሁ ደብተሬን ይዤ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እሄድ ነበር። ቤቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የንጉሡ መኝታ ክፍል ስትገቡ ባለቤቱ አሁን ወጣ ያለ እንጂ የሞተ አይመስልም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ እነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ የተረሸኑት እዚሁ፣ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ነው። በዓመቱ ንጉሡ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ደም በፈሰሰበት ግቢ ነው እኛ ለፈተና ስናነብ ያደርነው። ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል ብቻዬን ከቀረሁ እግሬ ይፈጥን ነበር፤ አልዋሽም።

ልቤን የያዘው ግን ውጭ ያለው ደረጃ ነው። የትም የማያደርስ ደረጃ! ጣልያኖች በወረራው ዘመን ነው የሠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስትን ሥልጣን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አላፈረሱትም። ከጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት፤ አለቀ።

ይሄ በእኛ ሙያ ስም አለው፤ ከቨር አፕ እንለዋለን። የድሮውን ምልክት ሳይፍቁ በላዩ አዲስ መሥራት ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አብዛኛው ሥራዬ ይኸው ነበር። አንዲት ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቷ በመርፌና በእስክሪብቶ ቀለም ክንዷ ላይ የወንድ ስም ጽፋ ኖሮ «አጥፋልኝ» ብላ መጣች። ፊደሎቹን አላጠፋኋቸውም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናየውን ዓይነት ሐረግ ሠራሁና ፊደሎቹ የሐረጉ ግንድ ሆኑ። አሁን እጅጌዋን ሰብስባ ትሄዳለች።

እናቴም አንገቷ ዙሪያ ንቅሳት አላት። ገጠር ሳለች፣ ገና ሕፃን ሆና፣ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰው በእሾህ እየወጉ ነው የነቀሷት። ያኔ ጌጥ ነበር። አዲስ አበባ ስትመጣ ግን ባላገር ማስባያ ሆነባትና ሠላሳ ዓመት ነጠላ ጠምጥማ ሸፈነችው። ተማሪ ሳለሁ ያንን መስመር ስስል አገኘችኝ። «በጣም ያምራል እኮ እማዬ» አልኳት። «አንተስ ወደድከው፤ እኔን ማን ጠይቆኝ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አለኝ። ሰውን ሦስት ጊዜ ሳልጠይቅ መርፌ አላነሳም፤ በመጣበት ቀንም አልሠራለትም። ገበያ ያሳጣኛል። ግን ሸራ ቢበላሽ ይጣላል፤ ቆዳ አይጣልም።

በቅርቡ እናቴን ራሷን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ በሌዘር ይነሣ? የምትፈልጊውን ልጨምርበት? ወይስ እንዳለ ይሁን? አንቺ ምረጪ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ላስብበት» አለች። ሰባት ወር ሆናት፤ እያሰበች ነው። እኔም አላጣደፍኳትም። ብቻ ባለፈው እሑድ ለእንግዶች ቡና ስታፈላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራው ነበር።

መምህራኖቼ፣ መልሴ ይኸው ነው። መሳልን ከእናንተ ተማርኩ፤ መጠየቅን ከእናቴ። በመካከል ያለውን ደግሞ ያ ደረጃ አስተማረኝ። ከምሳ በፊት ዞር ብላችሁ እዩልኝ።