የፍርሃት ምርጫ
በጉለሌ፣ ጳውሎስ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ሰው ከክፉ ነገር ይጠበቅ ዘንድ በሩን ይዘጋል፤ መብራት ያበራል፤ ሲመሽም ከመንገድ ይሰበሰባል። ያው ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ይገባና የሚያስፈራውን ነገር ወድዶ ይመለከታል። ይህ ብቻውን የሚያስደንቅ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚያስደንቀው የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። አንዱ እንቅልፍ ያጣበትን ፊልም ሌላው እየሳቀ ይጨርሰዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ የልዩነቱን ምክንያት መመርመር፣ ከልዩነቱም በላይ የሚቆም አንድ ጥያቄ መኖሩን ማመልከት ነው።

ሲኒማና ፍርሃት በአዲስ አበባ የተዋወቁት ከጥንት ነው። በከተማይቱ በመጀመሪያ ከተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ሲል ሰየመው። በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ የሰው ሥራ መስሎ አልታየውምና። በዚያ ዘመን ለመፍራት የተለየ የፊልም ዓይነት አላስፈለገም፤ ፊልም ራሱ አስፈሪ ነበር።

ሰው ፍርሃትን ለምን ይሻል? የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ፍርሃትና ርኅራኄ በመድረክ ላይ ሲቀሰቀሱ የተመልካቹ ስሜት እንደሚጠራ አስተምሯል። ከዘመናችን ሊቃውንት መካከል ዶልፍ ዚልማን ጉዳዩን ከሰውነት አሠራር ጋር አያይዞ አብራርቶታል። ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲፈጥን የተቀሰቀሰው የሰውነት ንቃት አደጋው እንዳለፈ ወዲያው አይበርድም። ስለዚህ የቀረው ንቃት ቀጥሎ ለሚመጣው እፎይታ ኃይል ይጨምርለታል። ማርቪን ዙከርማን ደግሞ ሰዎች ብርቱ ስሜትን በመፈለግ ረገድ እንደሚለያዩ በማመን፣ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1964 አቅርቧል። እነዚህ ትምህርቶች አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ፍርሃት ለምን እንደሚሻ ያስረዳሉ። ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሚመርጥ ግን በሙሉ አያስረዱም።

የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች በጥቅሉ በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወገን ደምና የተቆረጠ ሥጋ በግልጽ ካልታየው አይረካም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው «ብለድ ፊስት» የዚህ ዓይነቱ ፊልም ቀዳሚ ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለተኛው ወገን የመንፈስን ነገር ይሻል፤ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ «ዘ ኤክሶርሲስት» ዋነኛ ምሳሌው ነው። ሦስተኛው ወገን ደግሞ የማይታየውን ይመርጣል። በአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» (እ.ኤ.አ. 1960) ውስጥ ሴትዮዋ ገላዋን ስትታጠብ በምትገደልበት ትዕይንት፣ ተመልካቹ አየሁ ብሎ የሚምለው በመጋረጃው ላይ ከታየው ይበልጣል። ሦስቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው ይናናቃሉ። ደም ወዳዱ ሌላውን ፈሪ ይለዋል፤ ምሥጢር ወዳዱም ያኛውን ጣዕም የለሽ ይለዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በጣዕም ብቻ አይፈታም። ለዚህም ጳውሎስ ራሱ ጥሩ መማሪያ ነው። በዚህ ሰፈር ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ሲወጣ ደግሞ ብዙ ሕመምተኞች ጠበል ፍለጋ የሚጓዙበት እንጦጦ አለ። ሌሊቱን ከቁስለኛ ጋር ያሳለፈች ነርስ በፊልም የሚፈሰው ደም ቀለም መሆኑ ወዲያው ሊገለጽላት ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ቀን ያየችውን በማታ ደግሞ ለማየት ፈቃድ ታጣለች። በጠበል ሥፍራ የሰው ጩኸት ሰምቶ ያደገ ሰው «ዘ ኤክሶርሲስት»ን እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ምስክርነት ሊያየው ይችላል። በዚያ ፊልም ልጅቱ ወደ ካህናት ከመወሰዷ በፊት በሐኪሞች እጅ ከባድ ምርመራ ይደረግላታል። ከተመልካቾች መካከልም ከሰይጣኑ ይልቅ ያ የምርመራ ትዕይንት ያስጨነቃቸው አሉ። በሆስፒታሉና በጠበሉ መካከል ሲመላለስ የኖረ ቤተሰብ የሁለቱንም ወገን ስሜት ሳይነገረው ያውቀዋል።

የዕድሜ ልዩነትም እንዲሁ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሬሳ ተጥሎ ታይቷል። ያን ያየ ሰው ልጆቹ የሚስቁበትን የግድያ ፊልም ትቶ ከክፍሉ ቢወጣ፣ ጣዕም ስላጣ ወይም ስለ ፈራ ነው ማለት አይገባም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላልና። ለልጆቹ ጨዋታ የሆነው ለእርሱ ትዝታ ነው። ስለዚህ የአስፈሪ ፊልም ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ የኑሮ ታሪክ ነው፤ የሰውን ምርጫ መናቅም የኖረውን ኑሮ መናቅ ይሆናል።

ከዚህ ላይ «እንግዲያስ ሁሉም እንደ ምርጫው ይመልከት» ብሎ መደምደም ይቀል ነበር። ነገር ግን ከምርጫ በላይ የሆነ ጥያቄ ቀርቷል፤ ይኸውም ፊልሙ ተመልካቹን ማንን እንዲፈራ ያስተምረዋል የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ልጆች በተረት ያደጉበት ፍርሃት የጭራቅና የጅብ ነው፤ በዐዋቂዎችም ዘንድ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ቡዳ አለ። ለአስፈሪ ፊልም ከዚህ የተሻለ የሀገር ቤት ጥሬ ዕቃ የለም ማለት ይቻል ይሆናል። ዳሩ ግን ቡዳ የሚለው ስም በመጋረጃ ላይ አልተፈጠረም። ለዘመናት የተለጠፈው በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩና በሸማኔው ላይ ነው። በዚሁ በጉለሌ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይኖራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ስሙ ግን ከዐዋጁ በኋላም ለብዙ ዘመን ሰውን ከጋብቻና ከማዕድ ለይቷል። ሸክላ ሠሪዋን ጅብ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ፣ አንዱ ተመልካች በፍርሃት ተደስቶ ይወጣል፤ የእርሷ ልጅ ግን ተከስሶ ይወጣል።

ከታላላቆቹ አስፈሪ ፊልሞች አንዳንዶቹ ይህን አስቀድመው ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 በተሠራው «ፍራንከንስታይን» መጨረሻ ላይ ችቦ ይዞ የሚያሳድደው ሕዝብ ከሚሳደደው ፍጡር ያላነሰ ያስፈራል። በጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (እ.ኤ.አ. 1968) ደግሞ ሌሊቱን ከሙታን የተረፈው ጥቁር ሰው፣ ሲነጋ ከሙታን እንደ አንዱ ተቆጥሮ በሕያዋን ጥይት ይወድቃል።

እንግዲህ ደም ወዳዱም፣ መንፈስ ፈላጊውም፣ ምሥጢር ጠባቂውም በምርጫቸው ይከበሩ። የፊልም ሠሪውና የተመልካቹ ኃላፊነት ግን መብራቱ ሲበራ ይጀምራል። ፍርሃቱ በአዳራሹ ውስጥ ከቀረ ጨዋታ ነው፤ ተመልካቹን እስከ ሰፈሩ ተከትሎ በጎረቤቱ ደጃፍ ከቆመ ግን ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።