ከጣርማ በር እስከ ኢቴን አፋፍ

እሷ፦ ዛሬ ቅዳሜና እሁድ በፓራግላይደር፣ ማለትም በጨርቅ ክንፍ፣ ለመብረር ስለሚሰባሰቡ ሰዎች እናወራለን። እዚህ አዲስ አበባ፣ ሀና ማርያም ላይ ረፋድ ሲሆን ቀና ብሎ ያየ ሰው ጭልፊት ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ሲወጣ ያያል። ፓራግላይደሩም የሚወጣው እንዲሁ ነው።

እሱ፦ ያለ ሞተር?

እሷ፦ ያለ ሞተር። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ሲነሳ በራሪው እዚያው ውስጥ እየዞረ አብሮ ይወጣል። ነፋስ ገደል ሲገጥመውም ወደ ላይ ይታጠፋል። የኬንያዋ ኢቴን የምትፈለገው ለዚህ ነው፤ የኬሪዮ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ።

እሱ፦ እኛ የምናውቃት በሯጮቿ ነው!

እሷ፦ በጥር አካባቢ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ በራሪዎችም ይሄዱባታል።

እሱ፦ ኬሪዮ ያለበት ስምጥ ሸለቆ እኮ የእኛም ነው። ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ፈረንሳይ ውስጥ ኩፕ ኢካር የሚባለው የበራሪዎች በዓል ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል፤ የማስመሰያ አልባሳት ለብሰው ሁሉ ይበራሉ። እኛም እንዲህ ያለ ቀን ይኑረን እላለሁ።

እሷ፦ ይኑረን፤ ግን በጥንቃቄ። እንደ ኢቴን ባለ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ መነሻውም ማረፊያውም ይፈጥናል። ከቀትር በኋላ ደግሞ አየሩ ለጀማሪ ኃይለኛ ይሆናል። እዚሁ ሰፈር እንዳይሞከር፤ ቦሌ ኤርፖርት ቅርብ ነው።

እሱ፦ ታዲያ የጀማሪ የመጀመሪያው ወጪ ለአሰልጣኝ ይሁን ነው የምትዪው?

እሷ፦ አዎ። ቀጥሎ የራስ ቁርና መጠባበቂያ ፓራሹት።