ፀሐይ ከመናገሻ ስትታይ

የጥንቱን ታሪክ ስለምታውቁት ፈጥኜ አልፈዋለሁ። ኤራቶስቴንስ አስዋን ላይ ፀሐይ አናት ላይ በምትቆምበት ቀን እስክንድርያ ላይ 7 ዲግሪ ያህል እንደምታዘነብል አይቶ የምድርን ዙሪያ አሰላ። ከእሱ በኋላ የመጡት ትምህርቱን አሰፉት። ፀሐይ የት እንዳለች ለማወቅ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቆምንበት ስፍራ ይበቃል። የዛሬው ክርክሬ ስለ ሦስተኛው ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ፀሐይን በስድስት የምሥራቅ ደጆች ያስወጣታል፣ በስድስት የምዕራብ ደጆች ያስገባታል። ዕለቱን 18 እጅ አድርጎ ይከፍልና ቀኑ በጣም በሚረዝምበት ጊዜ 12ቱን ለቀን፣ 6ቱን ለሌሊት ይሰጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ከወሰዳቸው ቅጂዎች አንዱን እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የቀንና የሌሊቱን መጠን አስልቶም የመጽሐፉ ደራሲ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ45 እስከ 49 ዲግሪ ባለው አገር ይኖር ነበር ሲል ደመደመ።

ይህን አልቀበልም። የሄኖክ ቀን በየወሩ አንድ እጅ፣ ሁልጊዜ እኩል ይጨምራል፤ እኩል ይቀንሳል። እውነተኛው ቀን ግን በመጋቢትና በመስከረም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ በሰኔና በታኅሣሥ ደግሞ ቀስ ይላል። ስለዚህ ሎረንስ ሰማይ ታይቶ የተጻፈ የመሰለው ነገር የቁጥር ሥርዓት ነው። ያው ሁለት ለአንድ የሆነ መጠን በጥንት ባቢሎናውያን ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ የሄኖክ የሰማይ ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮችም በኩምራን ዋሻ ተገኝተዋል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር በዚህ ነጥብ ትክክል ነው።

ከአገሬ ሰዎችም ጋር ክርክር አለኝ። ቁጥሩ ከእኛው ሰማይ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። መናገሻ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። እዚህ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ከአጭሩ ቀን የሚበልጠውም አንድ ሰዓት ያህል ነው። የእኛ ሰዎች የአገራቸውን ፀሐይ ያወቁት በሌላ መንገድ ነው።

ልጅ ሆኜ በሁዳዴ አንድ ደብተራ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሜዳው ላይ ባዶ እግራቸውን ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቻለሁ። የራሳቸው ጥላ ያረፈበት ላይ እኔ ጠጠር አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ እስከ ጠጠሩ ይቆጥራሉ። የሰው ቁመት በገዛ እግሩ ስድስት ተኩል ያህል ይሆናል። በመጋቢት ፀሐይ ካዘነበለች ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ ማለትም በዘጠኝ ሰዓት፣ ጥላው እዚህ አገር ወደ ሰባት ጫማ ይደርሳል፤ በታኅሣሥ ዘጠኝ ይሆናል። የእስክንድርያ ሠንጠረዥ ይህን አይሰጥም። የባሕረ ሐሳቡ የፋሲካ ስሌት ከእስክንድርያ መምጣቱን እቀበላለሁ፤ ጥላውን ግን እዚሁ የቆመ ሰው ነው የለካው።

ነገሩን ልሰብስበው። ሎረንስ ከቁጥሩ ተነሥቶ አገር ፈለገ፤ የእኛዎቹ አገራቸውን ይዘው ቁጥሩን ሊያስገቡበት ሞከሩ። ሁለቱም መጽሐፉን እንጂ ጥላውን አልለኩም። ይህን የምደጋግመው ስህተቱ ዛሬም ስላለ ነው። በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ከውጭ የመጣ የፀሐይ ሰዓት ተተክሎ አይቻለሁ፤ ዘንጉ ለሰሜን አውሮፓ የተሠራ ነው፣ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረው። እዚህ ዘንጉ ከመሬት የሚነሣው 9 ዲግሪ ብቻ መሆን ነበረበት። ለኃላፊዎቹ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፣ እስካሁን እንዳለ ነው። ተማሪዎች በየቀኑ እያዩት የተሳሳተ ሰዓት ያነብባሉ። ይህ ያንገበግበኛል።

ሰዓቴ እያለቀ መሆኑን ሰብሳቢው እየነገሩኝ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በቴዎዶላይት ያደረገውን የአገር ልኬት ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።  ያው የስፍራ ነገር ነውና፣ ሰበታና ቡራዩ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የምትሰቅሉ ወደ ደቡብ በጥቂቱ አዘንብሉት፣ 10 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል።

መምህራን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሚያዝያ 5 ግድም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ላይ፣ ተማሪዎቻችሁን ሜዳ አውጥታችሁ ቀጥ ያለ በትር አስተክሉ። በትሩ ጥላ አይኖረውም። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ነሐሴ 24 ግድም የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ሐምሌና ነሐሴን ደመና ስለሚሸፍነው ግንቦት ሳያልፍ አሳዩዋቸው።